የሳልስት ንፍሮ

በባሏ ሳልስት የጥሩወርቅ ድንኳን ጢም ብሎ ሞልቷል። ሳተላይቶች የሩቁን ሰው ምስል በብርሃን ከነቁመናው ማድረስ ከጀመሩ ወዲህ ከለቅሶ የሚቀር የለም። ሜልቦርን ያለው ወንድሟ፣ ዱባይ ያለችው ልጇ፣ የሐዋሳ አብሮ አደጎቿ በየወንበሩ ተቀምጠዋል። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ መሬት ግን አይደርስም። አንዱ ሳተላይት ሲርቅ እንደ ጉም ይሳሳሉ፤ ሌላው ሲተካው መልሰው ይደምቃሉ።

ጥሩወርቅ የንፍሮ ሳህን ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«እማዬ፣ አረፍ በይ እንጂ» አለች ልጇ። «ለማን ብለሽ ነው የምትለፊው?»

«ለቅሶ ቤት ያለ ንፍሮ ይሆናል እንዴ?»

እንግዳን ዞሮ ማለፍ ከቀረ ቆይቷል። ጥሩወርቅም በወንድሟ ትከሻ፣ በልጇ ጉልበት መሃል ሰንጥቃ አለፈች። ምንም አልተሰማትም። ቀጥሎ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጡትንም ሰው እንደዚያው ልታልፍ ስትል ተጋጨች። ሳህኑ ተገለበጠ፤ ስንዴና ባቄላው መሬት ላይ ተበተነ።

ከአጥር ማዶ የሚኖሩት ጎረቤቷ አቶ ላቀው ነበሩ።

«መንገድ ዘጋሁብሽ» አሉ፣ ጎንበስ ብለው እየለቀሙ።

«እርስዎም ብርሃን መስለውኝ እኮ ነው።»

«ትናንትም እዚችው ወንበር ላይ ነበርኩ። ቀና ብለሽ አላየሽኝም።»

ከለቀሙት እፍኝ አራግፈው ቃም አደረጉ። ጥሩወርቅ ልትረዳቸው ስትንበረከክ እጃቸው እጇን ነካው። ይሞቃል። ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ ያኔ መጣ፤ መሬቱም ላይ ጠብ አለ።