ሻሽ የለበሰችው መብራት

«ሻሹን አንሺው ነው የምልሽ!»

«እንግዳ ፊት? አንተ ሰውዬ፣ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረብህም?»

ባልና ሚስቱ የሚጨቃጨቁት ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠችው ትንሽ መብራት ነበር። በአዲሱ ሕግ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይህችን መብራት ሳይዝ ሥራውን ቢገመግም ግምገማው አይቆጠርለትም፤ መብራቷ ከልብ ያልሆነ ቃል ስትሰማ ትቀላለች። ገምጋሚዋ ስንዱ መብራቷን ገና ከማስቀመጧ ነበር ሚስትየዋ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሻሽ ያለበሷት።

ድርጅቱ ለቀበሌው ያደለውን፣ ዛሬ የሚገመገመውን ጭስ አልባ ምድጃ የነደፈችው ራሷ ስንዱ ናት። የዛሬው መልስ ካማረ ለሌሎች ሃምሳ ቀበሌዎችም ይታደላል።

አቶ መኩሪያ ሻሹን ጎትተው ጣሉት። «በይ አሁን አመስግኚ!»

«ምድጃው... ምን ይወጣለታል የኔ ልጅ! እግዜር ይስጥልን።»

መብራቷ ቀላች። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው አቀረቀሩ። «አፉ ጠቦ ድስቴን አልቀበል ብሎ ነው እንጂ... ልፋትሽን እያየሁ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

ስንዱ ዞር ስትል ምድጃውን ጓዳው በር ሥር አየችው፤ ዶሮ ታቅፋበታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ምስጋና እየሰማች «እጅግ ተወዷል» ብላ ስትጽፍ መክረሟ ትዝ አላት።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ምንም አልከፋኝም» አለች።

መብራቷ ይበልጥ ቀላች።

«አየሽ? አስቀየምሻት!»

«እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ስንዱ ቅጹ ላይ «አልተጠቀሙበትም» ብላ ጻፈች፤ መብራቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። ባልና ሚስቱ ማን እንዳስቀየማት ገና ይከራከሩ ነበር።