ጨው ቀማሿ

ትምህርት ቤቱ ሥዕልና ሙዚቃ የሚያስተምረው ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት አንዱን ለሚያስረክብ ተማሪ ብቻ ነው። ትርሲት የመቅመስ ስሜቷን ሰጥታ ሥዕል ከጀመረች ወዲህ፣ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎቿ ላይ አፍጥጦ ይቀራል። ታናሿን ማስተዋልን ቅናት ያንገበግባታል። ዛሬ እሷም ልትመዘገብ ቅጹን ይዛ እስክሪብቶ ስትፈልግ፣ ትርሲት ከወጥ ቤት ተጣራች።

«ማስቲ፣ ነይ እስኪ ጨው ቅመሺልኝ!»

ከሽሮው መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችላት። ማስተዋል ላሰችው።

«ልክ ነው።»

«ልክ ነው ብቻ? ምን ምን ይላል?»

ማስተዋል ቀና ስትል እህቷ አፏን አፏን ታያለች። ያን ዓይን አወቀችው፤ እሷ ራሷ የትርሲትን ሥዕሎች የምታይበት ዓይን ነው።

ቅጹን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና መዳፏን ደግማ፣ ቀስ ብላ ላሰች።