የኋለኛው አግዳሚ

አቶኒዮ ፔሌናቶን የሚጠላበት በቂ ምክንያት ነበረው። ባለፈው ዓመት በሚሲዮን ትምህርት ቤታቸው ግቢ የቆመውን የቅዱስ ዮሴፍን ሐውልት በኳስ መትቶ ክንዱን የገነጠለው ፔሌናቶ ነው። አባቶች ሲደርሱ ግን ኳሷ የተገኘችው አቶኒዮ እጅ ላይ ነበር። ፔሌናቶ ዝም አለ። አቶኒዮም የሚሲዮኑን የቦዬ ማሳ ሲያርም ከረመ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲናዘዝ «ይቅር ብዬዋለሁ» ይላል። እሁድ ጠዋት ፔሌናቶ ከመዘምራኑ ፊት ቆሞ ሲዘምር ሲያይ ይቅርታውን መልሶ ይወስደዋል።

የሚያጽናናው አንድ ነገር ነበር። ትምህርቱን በኅዳር እንደጨረሰ ቤተሰቦቹ እንደ አገሩ ወግ ምንጣፍና አሳማ ይዘው፣ ማሊያ ሎሳን እንዲድርለት አባቷን ሊጠይቁለት ቃል ገብተዋል። ማሊያ ሎሳ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ሴት መነኮሳቱ ዘንድ ነው የምትማረው። እዚያ እንዲገባ የሚፈቀድለት ወንድ ደግሞ የመዘምራኑ መሪ ፔሌናቶ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ልጃገረዶቹን ዜማ ያስጠናል።

«እህሳ ጌታው፣ ለማሊያ ሎሳ የምልልህ አለ?» ይለዋል ፔሌናቶ ጀልባው ላይ ሊወጣ ሲል።

«ሰላም በልልኝ።»

«ሰላም ብቻ? አይ ስስታም!»

አቶኒዮ ጥርሱን ነክሶ ይስቃል። ሌላ መልእክተኛ ከየት ያመጣል?

ዐቢይ ጾም ሲገባ የትምህርት ቤቱ አለቃ አባ ላፋኤሌ ተማሪዎቹን ሰበሰቡ።

«በጰራቅሊጦስ እሁድ ከእናንተ መካከል አንዱን ጠርቼ ለክህነት ትምህርት ባሕር አሻግሬ ወደ ሱቫ እልካለሁ። ማን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ። እኔ ዓይን አለኝ።»

የካቶሊክ ካህን ሚስት አያገባም፤ ሆኖም በዚያች ደሴት ከመሠዊያው ፊት ስሙ ተጠርቶ እምቢ ያለ ልጅ የለም። እምቢ ቢል እናቱ በየትኛው ፊቷ መንደር ትገባለች?

በዚያው ቀን ሳህን ሲያጥቡ ፔሌናቶ ወደ አቶኒዮ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ለማንም እንዳትነግር። ከነገ ጀምሮ ከደወል በፊት ተነስቼ ቤተ ክርስቲያን ልጸልይ ነው።»

«አንተ?»

«መንፈስ ቀሰቀሰኝ።»

«አንተን የሚቀሰቅስህ የዳቦ ሽታ ነው።»

ፔሌናቶ አንገቱን ደፍቶ እንደ ቅዱስ ፈገግ አለ። አቶኒዮን ያንገበገበው ይሄ ፈገግታ ነው። እንግዲህ የዮሴፍን ክንድ የገነጠለ እጅ ነገ ቁርባን ሊያነሳ ነው! አይሆንም። አስመሳይነቱን በዓይኑ አይቶ ከጰራቅሊጦስ በፊት ሊያጋልጠው ማለ።

ፔሌናቶ የሚንበረከከው ከፊት፣ ከትልቁ ዓምድ ጀርባ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እሱን የሚያሳይ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ በሩ አጠገብ ያለው የኋለኛው አግዳሚ። አቶኒዮ እዚያ ተንበርክኮ ፊቱን በመዳፎቹ ይሸፍንና በጣቶቹ መሃል ያየዋል።

እንደጠረጠረው ነው። ልጁ ተንበርክኮ ይተኛል! ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ በወደቀ ቁጥር አቶኒዮ ከመቁጠሪያው አንድ ዶቃ ያልፋል። ደህና በሚያንቀላፋበት ቀን መቁጠሪያውን ዙሪያውን ይጨርሰዋል።

አባ ላፋኤሌ ጎህ ሲቀድ ደወል ሊደውሉ በዚያው በር ይገባሉ። አቶኒዮ የጫማቸውን ኮሽታ ሲሰማ «ምን ታደርጋለህ?» እንዳይሉት የባሰ ያቀረቅራል። እሳቸውም በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ያልፋሉ።

ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት አንድ ጠዋት አቶኒዮ ተኝቶ ቀረ። ፔሌናቶ ቁርስ ላይ ዳቦውን እየቆረሰ፣ «የዛሬውስ ጸሎት ልዩ ነበር። አባ ላፋኤሌ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ» አለ።

ከዚያ ወዲያ አቶኒዮን ዝናብም ሆነ ትኩሳት አላስቀረውም። ሲዋኙ ጓደኞቹ በመንበርከክ የጠጠረ ጉልበቱን አይተው «የኤሊ ድንጋይ አበቀልክ እንዴ?» ብለው ሳቁበት።

ከጰራቅሊጦስ በፊት ያለው የመጨረሻው ሐሙስ ደረሰ። ፔሌናቶ ጀልባው ላይ እያፏጨ ወጣ፤ ለማሊያ ሎሳ የሚላክ ነገር እንዳለ እንኳ ሳይጠይቅ ሄደ። አቶኒዮ ግን ሐሳቡ ሁሉ ነገ ላይ ነበር።

ዓርብ የአባ ላፋኤሌን ቢሮ አንኳኳ።

«አባ፣ ፔሌናቶ የሚጸልይ መስሎ ይተኛል።»

«ፔሌናቶ?» አባ መነጽራቸውን አወለቁ። «የት?»

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነዋ፣ ከደወል በፊት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ስንት ቀን አየኸው?»

«ጾም ከገባ ጀምሮ። ከአንድ ቀን በቀር ቀርቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ታዲያ ይህን የምትነግረኝ ለወንድምህ ነፍስ አስበህ ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

አባ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረጉ። «ደህና ሂድ፣ ልጄ። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

አቶኒዮ ደረጃውን በሁለት በሁለት እየዘለለ ወረደ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። አቶኒዮ እናቱን ከፊት ረድፍ የአበባ ጉንጉን ይዛ ሲያያት ገረመው፤ እመጣለሁ አላለችውም ነበር። አባ ላፋኤሌ ወደ መሠዊያው ወጡ።

«ብዙዎቻችሁ ሰው ሲያያችሁ ትጸልያላችሁ» አሉ። «አንዱ ግን ስንት ወር ሙሉ ከሁላችሁ በፊት እየተነሳ፣ ከበሩ ሥር፣ ከኋለኛው አግዳሚ ፊቱን ሸፍኖ ሲንበረከክ አየሁት። አቶኒዮ፣ ና ልጄ።»

እናቱ እልል አለች። ጉንጉኑ አንገቱ ላይ ሲወድቅ አቶኒዮ አፉን ከፈተ፤ የእናቱን እንባ አየ፤ አፉን መልሶ ዘጋ።

ከቅዳሴ በኋላ እጁን ሊስም ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ፔሌናቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሳመውና ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ወደ ሱቫ እንደምትሄድ ለማሊያ ሎሳ ሐሙስ ነግሬያታለሁ» አለው። «አላለቀሰችም።»