ድምፅ የተከለከለች ፒክአፕ

መኪና ድምፅ እንዳያሰማ በአዋጅ ከተከለከለ ወዲህ፣ የድሬዳዋው ሙክታር የሚነዳው ጥርሱን ነክሶ ነው። የጥንቷን ፒክአፕ ጣሪያዋን ቆርጦ ዝቅ ያደረጋት፣ ኮፈኗን አንስቶ የከባድ መኪና ሞተር የገጠመላት እሱ ራሱ ነበር። ተቆጣጣሪዎች ያንን ሞተር ነቅለው ጓሮው ጣሉና ትንፍሽ የማይል የኤሌክትሪክ ሞተር አስገቡላት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ሲታጠፍ፣ ዓይነ ስውሯ ሚስቱ ፈቲያ ልብስ ልታሰጣ መሀል ላይ ቆማለች። ፍሬኑን ረገጠ። ፓራውልቱ ቀሚሷን ነክቶ ቆመ።

«ማነው?» አለች፣ እርጥቡን አንሶላ ደረቷ ላይ ጨብጣ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ? ድሮ ገና ድልድዩን ስትሻገር አልነበር የምሰማህ? በገዛ ቤቴ ልትገድለኝ ነው?»

ሙክታር መፍቻውን አንስቶ አዲሱን ሞተር ነቀለው። ሳምንት ሳይሞላ አሮጌውን መልሶ ገጥሞ ሲያስነሳው፣ የሰፈሩ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ እየሮጠ መጥቶ የግቢው በር ላይ ተገተረ።

«አጥፋው! ትታሰራለህ!»

ፈቲያ በእጇ እየዳበሰች ፒክአፗ ውስጥ ገብታ ከባሏ ጎን ተቀመጠች።

«ሁለታችንንም እሰረን» ብላ ጮኸችበት። «አንተ ግን ስንመጣ ይሰማሃል፤ ዞር በል!»