ሳሳ ያለው መስታወት

ትራፊክ ፖሊስ ከመኪናው መስታወት ላይ ጥቁሩን ፊልም ካስነሳው ወዲህ ሰውየው ሥራ መሄድ አስጠልቶት ሁለት ቀን ቀረ። በሦስተኛው ቀን ፊልም የሚለጠፍበት ሱቅ ገባ።

«ከዚህ ጠቆር ያለ የለም?»

«አለ፤ ግን ነገ ያስነሱዎታል» አለችው ባለሱቋ። «ይሄኛው ሳሳ ያለ ነው። ፀሐይ ይከላከላል፣ ትራፊክም አይቆጣዎትም።»

«ፊት ያሳያል?»

«ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ያሳያል። ምን ያስፈራዎታል? ሌባ አይመስሉም!»

ሳሳ ያለውን እያቅማማ አስለጠፈ።

በማግስቱ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ የፈራው አልቀረም። ከሁለት ወር በፊት የተቀጠሩት ሽማግሌ ጥበቃ አተኩረው አዩት። እስከ ዛሬ ከእሳቸው ተሸሽጎ፣ ክላክስ እያደረገ ብቻ ነበር የሚያልፈው። ባልደረቦቹ በእግራቸው እየገቡ ሰላምታ ሰጡት። ሽማግሌው ወደ መኪናው ሲጠጉ ፊቱ በእፍረት ጋለ፤ እያመነታ መስታወቱን ዝቅ አደረገ።

«እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ!» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው።

ከዚያ የኋላውን ወንበር የሚፈትሹ መስለው ጎንበስ አሉና በሹክሹክታ ተናገሩ።

«አይዞህ ልጄ፤ አባቱ ነኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»