ከፉጨቱ ሥር

ባልየው የፒክአፑን የፊት መስታወት ዙሪያውን የያዘውን ጎማ በሰማያዊ ቴፕ ሸፍኖ ሀይዌይ ላይ ሲወጣ፣ ሚስቱ ጆሮዋን ወደ መስታወቱ ጠርዝ አስጠጋች። ለወራት ሲያፏጭባቸው የከረመው ነፋስ ጭጭ አለ።

"ጎማው ነዋ! አላልኩሽም?" አለ መሪውን በመዳፉ እየመታ። "አንቺ በሩ ነው ስትዪ።"

"ኦኬ፣ አሸንፈሃል። አሁን ዝም ብለህ ንዳ፤ ሌላ ነፋስ የሚያስገባ ቦታ እንዳለ ልስማ።"

የአርሊንግተንን ከተማ ሲያልፉ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። እጇን በመስታወቱ ጠርዝ፣ ከዚያም በበሩ ጎማ ላይ አሳለፈች፤ ነፋስ የለም። ቀና ስትል የባሏ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች። ከቸርቹ ኳየር ከወጣ ወዲህ "ድምፄ አርጅቷል" እያለ አንድም ቀን ዘምሮላት አያውቅም። አሁን ግን ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ፣ ራሱም ሳያውቀው፣ ድሮ በኳየሩ ብቻውን ይዘምረው የነበረውን መዝሙር ያንጎራጉራል። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ፉጨቱ ሸፍኖባት ኖሯል።

"ምነው? ሌላም አለ እንዴ?" አላት፣ ማንጎራጎሩን አቁሞ።

ጆሮዋን መልሳ ወደ መስታወቱ አስጠጋች።

"እንጃ፣ ገና አልለየሁትም" አለችው። "የምንወጣበትን ኤግዚት እለፈውና ትንሽ ንዳ እስቲ።"