አስቀያሚው ነርጉይ

«በይ፣ እናትሽን ጠይቂልኝ። ልጇ ምን ዓይነት ልጅ ነው?» አለች ከሕፃናት ጥበቃ ቢሮ የተመደበችው ወይዘሮ ኩሪሃራ።

አስተርጓሚው ቀርቶ ሳርናይ ተተክታለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሌላ ጊዜ «ምላስሽ ይታሰር» የምትባለዋ ልጅ ዛሬ ለምላሷ ተፈለገች። ጥያቄውን በሞንጎልኛ አደረሰች።

እናቷ ዱልማ በምትሠራበት የምሳ ሳጥን ፋብሪካ ውሃ የላጠውን እጇን አጣምራ፣ «አስቀያሚ ነው። የማይረባ። ውሻ እንኳ ዞሮ አያየውም» አለች።

«እማዬ! ዛሬን እንኳ ተይው እንጂ!»

«ዝም በይ፣ አንቺ ለፍላፊ! ሲመሰገን የሚሰሙ አሉ።»

የሚሰሙት ክፉ መናፍስት ናቸው። ከትንሹ ልጇ ከነርጉይ በፊት የተወለዱትን ሁለት ወንዶች ሰው ሁሉ «ሲያምሩ!» አላቸው፤ ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው ተቀበሩ። ነርጉይን ግን አራት ዓመት ሙሉ በስድብ ሸሽገው አሳደጉት። ባለፈው ሳምንት ከደረጃ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ ስብራቱን አየች፣ እናቱ መናፍስት እንዳይለዩት ግንባሩ ላይ የቀባችውን ጥላሸት አየች፣ ይደበደባል ብላ ለቢሮው አመለከተች። አሁን ጎን ካለው ክፍል ተቀምጧል። ዛሬ ወይ ቤቱ ይመለሳል፣ ወይ መንግሥት ይወስደዋል።

ሳርናይ ፈገግ አለች። «በጣም ካዋይ ነው አለች» ስትል በጃፓንኛ ዋሸች።

ካዋይ! ዱልማ ጃፓን ውስጥ ነሪማ በሚባል ሰፈር ስድስት ዓመት ኖራ ጃፓንኛው አልገባት ቢልም፣ ይቺ ቃል «ቆንጆ» ማለት እንደሆነች ታውቃለች፤ የሱቅ ሴቶች ልጇን ባዩ ቁጥር የሚሏት እሷን ነው። ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሣች።

«ካዋይ አይደለም! አይደለም!» በተሰባበረ ጃፓንኛ እየጮኸች ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «መጥፎ! መጥፎ ልጅ!»

ወይዘሮ ኩሪሃራ ጻፈች።

«ኧረ እየጠበቀችው ነው!» አለች ሳርናይ። «እንዳይወስዱብን ብላ እኮ ነው!»

«እነማን እንዳይወስዱት?»

ሳርናይ አፏን ከፈተች። በሴትዮዋ ደረት ላይ የተንጠለጠለውን የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አየችና መልሳ ዘጋችው።

ነርጉይን ሊወስዱት በኮሪደሩ ሲያወጡት እናቱን አየና ቆመ። ዱልማ አላቀፈችውም። «ሂድ ወዲያ፣ አንተ አስቀያሚ!» አለችው፣ ድምጿ እየተሰበረ።

እሱ ግን በሳቅ ፍርፍር አለ። ጀሶ ያልያዘውን እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ፣ ደግማ እስክትሰድበው ጠበቀ።